ሰውዬህን ሄጄ አየሁት

ይድረስ ለአንተ ለከማል፣

ከቤት ከወጣህ አስራ አንድ ወር ሞላህ። ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት እያለህ ምን ሊያስጽፈኝ፤ ሱቃችን ውስጥ ከእኔ ባንኮኒ እስከ አንተ ባንኮኒ ሦስት እርምጃ ነበር። ያሰኘኝን ሁሉ እዚያው ቆሜ እልህ ነበር፣ አንተም እንዳልሰማ ሰው ትሆን ነበር። አሁን ግን አደራ ጥለህብኝ ሄድክ። አደራውን ፈጽሜአለሁ። መፈጸሜን የምነግርህ ሌላ መንገድ ስላጣሁ የልጃችንን የሂክማን የድሮ ደብተር አውጥቼ ተቀመጥኩ።

ሰውዬህን አየሁት። ትኬት ተቆርጦልኝ፣ አዳራሽ ገብቼ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሠላሳ ዓመት በቤቴም በሱቄም ስትጠራው ኖረሃል፣ ይበቃዋል።

ግን መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ለእሱ ብዬ የራሳችንን ወሬ ወደ ኋላ አላደርግም። ሂክማ ደህና ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ አሁንም በሱቁ በኩል ታልፋለች፣ ያንተን በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ታማርርብኛለች። ጣሪያው ክረምቱን አፈሰሰ። በሌላ በኩል መሰለህ? በአንተው በኩል ነው፤ ወጥተህ ምስማር ምታበት ስልህ ነገ ነገ ስትል በኖርክበት ቦታ። ጎረቤታችን ጋሼ ደግፌም አለ፤ አሁንም የሰው ሬዲዮ ፈትቶ ይጠግናል። ጠዋት ጠዋት ሲከፍት ወደ አንተ በኩል ዞሮ እንደምን አደርክ ሊል አፉን ይከፍትና ይመልሰዋል። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።

የሱቁን ያንተን ግማሽ ባልዲ ወርሶታል። አትቀየመኝ። ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ቀርቶ በሚሞሪ መጫን መጣ፣ እሱም ሲቀር አንተ ባዶ መደርደሪያ ስትጠብቅ ቆየህ። እኔ እንዳንተ ባዶ መደርደሪያ አላይም። ከአንዋር መስጊድ በኩል የሚመጣው ሰው ሳፋ ይፈልጋል፣ ጀሪካን ይፈልጋል፣ ልጅ የሚታጠብበት ይፈልጋል። ባልዲ ውሃ ይይዛል፤ ዘፈን ምን ይይዛል እያልኩ ስንት ዓመት ነገርኩህ።

የበሩን ጽሑፍ ግን አልነካሁትም። «ከማል ካሴት» እንዳለ ነው። ላስፍቀው አስቤ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ምልክት አድርጎታል። ከሲኒማ ራስ የሚመጣውን እንግዳ ተሸካሚውም ሊስትሮውም ከከማል ካሴት ታጠፍ እያለ ነው የሚመራው። ታጥፎ የሚያገኘው እኔንና ባልዲ ነው።

ከዕቃህ የቀረው ያ ጥግ ያለው ዴክ ብቻ ነው፣ ካሴት የምታባዛበት። ሌሎቹን አንተው እያለህ አንድ በአንድ ሸጠሃቸዋል። ያንን ግን ማንም አይነካብኝ ስትል ነበር፤ ምክንያቱም እሱ የሰውዬህ ዴክ ነበር። የሌላውን ዘፋኝ ሁሉ በሌሎቹ ታባዛለህ፣ የእሱን ካሴት ግን በዚያ ብቻ። እኔም አልነካሁትም፣ ዳንቴል አልብሼው ተቀምጧል። ቆራሌው ጠዋት ጠዋት እየተጣራ ሲያልፍ ዓይኑን ዴኩ ላይ ጥሎ ነው የሚያልፈው። እናቴ፣ ይሄን ብረት ከምታቅፊው ስጪኝ ይለኛል። ሲለኝ እቆጣለሁ፣ ሲሄድ ደግሞ እውነቱን ነው እላለሁ።

እኔና ሰውዬህ እንዴት እንደተጣላን አንተ ታውቃለህ፤ ግን ልድገመው፣ ደስ ይለኛል። ሰው በዕድሜው አንድ ካሴት አውጥቶ ይጠፋል? ያንዱን ካሴት ኦርጅናል ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም፤ አንድ ቀን ይዘኸው መጣህ፣ ሮክ ነው አልከኝ፣ በአማርኛ ሮክ የሚዘፍን ሌላ የለም አልከኝ። ከፈትከው። ጊታሩ የላሜራ ጣሪያ ሲገነጠል ያለውን ድምፅ አወጣ። ባልዲ ልትገዛ የቆመችው ሴት ባልዲውን አስቀምጣ ወጣች። አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። ያኔ ነው የጠላሁት፤ ሚስትህ ገበያ አጥታ ዓይንህን ያስጨፈነህን ሰው እንዴት ልወደው።

ከዚያ ወዲያ እየከፈትክ ኖርክ። አዛን ሲል ቀጥ ታደርገዋለህ፣ ያንን አልክድህም፣ አንድም ቀን አላሳለፍክም። ግን አዛኑ ሲያልቅ ካቆምክበት አትቀጥልም፣ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለህ፤ እኔም መጀመሪያውን ሁለት ሁለት ጊዜ እሰማለሁ። ለመጣው ለሄደው ታባዛለህ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ቅመም ጭኖ የሚመጣው ሾፌር፣ ሁሉም ያንን ካሴት ይዞ ይሄዳል። መርካቶ ውስጥ ያ ሰው የሚታወቀው ባንተ እጅ ነው። እሱ አገር ጥሎ ሲሄድ እንኳ አልሰማህም ነበር፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ቆመን እናየዋለን ትል ነበር።

እኔ ደግሞ የማልለው የለኝም። ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮበታል እል ነበር። ይህን ሁሉ የሚጮኸው ማን ረግጦት ነው እል ነበር። አንድ ሰሞን ደግሞ፣ ሂክማን እርጉዝ እያለሁ ይመስለኛል፣ ያቺ ደጅ ላይ ቆሞ ሴት ስለመጠበቅ የሚዘፍናት ዘፈን ጎተት አለችብኝ። ድምፁም ወፈረ፣ ጊታሩም ከበደ። ሳፋ እየደረደርኩ ዞር አልኩና ምነው፣ ሰውዬህን ወባ ያዘው እንዴ አልኩህ። ሳቅህን አልረሳውም፤ ባንኮኒው ላይ ተደፍተህ ነው የሳቅኸው። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሆነልኝ። ዳነልህ አይደል ብዬም ቀልጄብሃለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ሐኪም ቤት ሆነህ፣ ስኳሩ እግርህን ከጨረሰው በኋላ፣ ሂክማ በስልኳ ወሬ አነበበችልህ። ሰውዬህ ሊመጣ ነው፣ ኮንሰርት ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። እጄን ያዝክ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጄን አደራ ይላል፣ ቤቱን አደራ ይላል። አንተ ያልከኝ እሱ ሲመጣ አንቺ ሂጂልኝና እንዴት እንደነበር ንገሪኝ ነው። እኔ፣ ሻሽ የለበስኩ ሴትዮ፣ ሮክ ኮንሰርት? ወላሂ አልሄድም አልኩህ። ፈገግ አልክ፣ ትሄጃለሽ አልክ። ይህን ያህል ታውቀኝ ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ሂክማ ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። ሌሊቱን ሳልተኛ አላደርኩም፤ ግን ጠዋት ዴኩን አይቼ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ። ሄጄ አየዋለሁ አልኩ። ሰውዬው አንተ እንደምትለው ዓይነት ሰው ከሆነ ዴኩ ባለበት ይቀመጣል፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ተሳስቼ ነበር እላለሁ። ከንቱ ሰው ከሆነ ግን በማግስቱ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ። ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜህን በምን ላይ እንደጨረስከው። ይህ በልቤ እያለ አንተን በሰላም መቅበር አልቻልኩም።

እሁድ ነበር። ትኬቱ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። እኔ ሞኟ በዘጠኝ ሰዓት ደረስኩ። እሱ የመጣው አስራ አንድ ሊሆን ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ሂክማን አስከትዬ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ አሱርን ሰገድኩ፤ ጥበቃው ሰውዬ ደግ ነው፣ ካርቶን አመጣልኝ። ከዚያ ገብተን ቆምን። ፊት ለፊት ወንበር የተሰጣቸው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ስልካቸውን ያያሉ። ከኋላ የእኛው ሰው ነው። ሆዳቸውን የማይዘጋ የጂንስ ጃኬት የለበሱ ጎልማሶች፣ ራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር የሌላቸው፣ እንደ ጎረምሳ እየተገፋፉ። ግማሾቹን አወቅኳቸው። ሱቃችን እየመጡ ካሴት ያስቀዱህ የነበሩ ናቸው። አንዱ የጨርቅ ጅምላ ሻጭ እኔን ሲያይ ደንግጦ እጁን ከደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። የከማል ባለቤት ናት እያለ ለሌሎቹ ነገራቸው። ቦታ ለቀቁልኝ። ያንተ ነገር እዚያም ተከተለኝ።

ከዚያ ጭስ ተለቀቀ። ቃጠሎ መስሎኝ የሂክማን ክንድ ያዝኩ፤ ማሽን ነው፣ ለማሳመሪያ ነው አለችኝ። ጭስ ምን ያሳምራል? የእኛ ሰፈር ሰው ጭስ ካየ ዕቃውን ነው የሚያወጣው። ከጭሱ ውስጥ ሰውዬህ ወጣ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከማል። ፀጉሩን እንደ ጫማ ቀለም አጥቁሮታል። በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ በጭለማ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ከዚያ መቆሚያው ላይ ያለው ገመድ አደናቅፎት ሊወድቅ ነበር። አዲስ አበባ እንዴት ናችሁ ብሎ ጠየቀ። ደህና ነን አልነው። ሁለተኛ ጠየቀ። ሦስተኛ ጠየቀ። አንድ ዘፈን ይዘፍናል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የጊታሩን መምቻ ወደ ሕዝቡ ወረወረ፤ አንድ ሽማግሌ የሆነ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ መሬት ሲፈልግ ነበር፣ ስንት ልጆች ያሉት ሰው። አፈርኩላቸው። ላንተም አፈርኩ። ከንፈሬን ገጥሜ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ዴኩ ነገ ይሄዳል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ያቺን ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅባትን ዘፈን ሊጀምር ሆነ። ጊታሩን ነካ ሲያደርግ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፣ መዝፈን ጀመረ። እሱ ገና የመጀመሪያውን ቃል አፉ ውስጥ እያላመጠ የኛ ሰዎች ስንኙን ጨርሰውታል። እጁን አነሳ። ባንዱን አስቆመ። መነጽሩን አወለቀና እኛን እኛን አየ።

የተናገረውን እንዳለ ነው የምጽፍልህ። ይህች ዘፈን የሐዘን ዘፈን ናት አለ፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው አለ። መርካቶ ያሉ ካሴት የሚያባዙ ሌቦች በተበላሸ ማሽን ቀድተው አፈጠኗት፣ የእኔን ድምፅ የጫጩት ድምፅ አደረጉት አለ። በሄድኩበት አገር ሁሉ አበሻ ይህችን ዘፈን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እየሮጠ ነው የሚዘፍንብኝ አለ። አሁን የሌቦቹን እርሱትና እውነተኛውን ስሙ አለ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሳቁ። አንዳንዱም አጨበጨበለት።

ፊቴ በእሳት የተያዘ መሰለኝ። ሂክማ እጄን ጨበጠችኝ፤ እሷም ገብቷታል። መርካቶ ውስጥ ያንን ካሴት ያባዛ ካንተ ሌላ ማን ነበር? ኮፒ አላደረግክም አልልም፣ አድርገሃል። ግን ኦርጅናሉን ይዞ የነበረ ሱቅ ሁሉ አልሸጥ ብሎት ሲመልሰው አንተ ነህ ያስያዝክለት። ሌባ ብሎ ጠራህ፣ በአደባባይ፣ ውሃ እየጠጣ። እኔ ያላልኩህ የለም፤ ፈዛዛ ብዬሃለሁ፣ ሰነፍ ብዬሃለሁ፣ ዕድሜህን በላስቲክ ክር አሰርከው ብዬሃለሁ። ሌባ ግን ብዬህ አላውቅም። ደግሞስ አንተን መስደብ የእኔ ሥራ ነው፤ እሱ ማን ነው?

ጀመረ። በራሱ መንገድ፣ እውነተኛ ባለው መንገድ። ስማኝ፣ ከማል፤ ዘፈኑ ጎተተ። ድምፁ ወፈረ፣ ጊታሩ ከበደ። እኔም ሳላስበው ወባ ይዞታል አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የጨርቅ ጅምላ ሻጩ ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ሻጩ በእኛ መንገድ መዝፈን ጀመረ፣ በፈጣኑ፣ ባንተው። አጠገቡ ያለው ተቀበለው። ቅመም ጫኙ ሾፌርም፣ ያ መሬት ላይ መምቻ ሲፈልግ የነበረውም ተቀበሉ። በእግራቸው መሬቱን መቱ፣ አጨበጨቡ፣ ከሰውዬህ ቀድመው ሄዱ።

ሰውዬህ ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን አወናጨፈ፣ ማንም አላየውም። ከኋላው ከበሮ የሚመታው ልጅ እግር ግን ወደ እኛ አየ፣ ወደ እሱ አየ፣ ከዚያ ከእኛ ጋር ሆነ። ከበሮው ሲፈጥን ሌሎቹም ፈጠኑ። አገሩን ሁሉ ሌባ ሲል የነበረው ሰው በሩን ዘግቶ የሄደ ታክሲ እንደሚያባርር ሰው እያለከለከ ተከተለን። ቃል ዋጠ፣ ዘለለ፣ የማይደርስበትን ተወው። እንደምንም አብሮን ጨረሰ። አላዘንኩለትም። እግዜር ያሳይህ ማለት የእኛ አነጋገር አይደለም እንጂ አንተን በዚያች ሰዓት አላህ ቢያሳይህ ብያለሁ።

አንድ ነገር ልደብቅህ ነበር፣ ግን ሪፖርት ሪፖርት ነው። እኔም ዘፈንኩ። አንድ ቃል ሳይጎድለኝ ከዳር እስከ ዳር አወጣሁት። ሂክማ ስልኳን ወደ እኔ አዙራ ቀረጸችኝ፤ አጥፊው ብያት አላጠፋችም።

መግሪብ ሳይደርስ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ሂክማ ስትስቅ እኔ ግን ተክዤ ነበር። ሰውዬው ከንቱ መሆኑን አይቻለሁ፤ የተከራከርንበት ነገር እኔ እንዳልኩት ሆኗል። ግን ማሽኑ የተበላሸ ነው ማለቱ አልወጣልኝም። ሠላሳ ዓመት በሙሉ የተበላሸ ማሽን ስታጫውት፣ አንተ፣ ጆሮህ እንደዚያ የነቃ ሰው፣ እንዴት አላወቅክም? እንግዲህ ሙያህንም አታውቅም ነበር ማለት ነው ብዬ በጣም ከፋኝ። በሰውዬው ብትሞኝ ምንም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቆራሌው እየተጣራ መጣ። ና አልኩት። ገረመው። ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ብዬ ዳንቴሉን አነሳሁ፣ ዴኩን ለማውጣት ከስሩ ያለውን መሳቢያ ባዶ አደርጋለሁ ብዬ ሳብኩት። ካቻቢቴህ አለ፣ የደረቀ ፕላስተር አለ፣ የሂክማ የሕፃንነት ፎቶ አለ። ከሁሉም ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ትንሽ ሞተር ናት፣ አዲስ፣ ብዙም ያልተነካች። ላይዋ ላይ በፕላስተር «ትክክለኛው» ብለህ ጽፈሃል። ያንተ ጽሑፍ ነው፤ ካሴት ላይ እንደምትጽፈው ወደ ቀኝ የተጋደመ።

ሞተሯን ይዤ ጋሼ ደግፌ ዘንድ ሄድኩ። ይህች ምንድነች አልኩት። አያትና መነጽሩን አወለቀ። እንዳትናገር ብሎ አስምሎኝ ነበር አለኝ። ከዚያ ተናገረ፤ ሞቷል፣ ምን ያደርገኛል ብሎ።

የዴኩ የማጫወቻው በኩል ሞተር የተቃጠለው ገና በተጋባን ሰሞን ነው አለ። አንተም ከምናለሽ ተራ አሮጌ የመኪና ቴፕ ሞተር ፈልገህ ገጠምክበት፤ እሱ ፈጥኖ ይዞራል፣ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ትክክለኛው እስኪገኝ ነው ተባብላችሁ ነበር። ሂክማን እርጉዝ ሆኜ ሳለሁ ትክክለኛዋ ተገኘች፣ ጋሼ ደግፌ በእጁ ገጠመልህ፣ ዘፈኑ ልክ ሆነ፣ ሁለታችሁም ደስ አላችሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካቻቢቴ ይዘህ መጣህበት። አውጣልኝ አልከው። አብደሃል፣ አሁን እኮ ነው የተስተካከለው አለህ። አንተም ሙኒራ ወባ ይዞታል አለች አልከው። እሱ ደግሞ ሴትዮዋ መሳደብ ልማዷ ነው፣ ለስድቧ ብለህ ማሽን ታበላሻለህ አለህ። ያኔ ነው የነገርከው። በፈጣኑ ጊዜ ሳፋ ስትደረድር ከሰውዬው ጋር ታንጎራጉር ነበር፣ ራሷ አታውቀውም አልከው። ከተስተካከለ ወዲህ ዝም አለች አልከው። እንዳትነግራት፤ ካወቀች በእልህ ትተወዋለች አልከው።

አንዲት ሴት የትልቁን ሳፋ ዋጋ ጠየቀችኝ፣ ዋጋው ጠፋብኝ። ጋሼ ደግፌ ነገራት። እኔ ባልዲዎቹ መሃል ገብቼ አለቀስኩ፣ ለቅሶህ ላይ እንዳላለቀስኩት። ተንኮለኛ። ሠላሳ ዓመት አፍህን ዘግተህ፣ እየሰደብኩህ እየሰማህ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እኔን ስታዳምጥ ኖርክ። ለካ ዓይንህን ጨፍነህ የምትሰማው እሱን ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ነበር። ንገሪኝ ብለኸኝ ነግሬሃለሁ። ሰውዬህን አልወደድኩትም፣ ወደፊትም አልወደውም፤ ጊታሩን ይዞ ወደመጣበት ይሂድ። ያቺ ዘፈን ግን የእሱ እንዳልሆነች አሁን አውቄአለሁ። ያንተ ናት፣ ትንሽ ደግሞ የእኔ። ከእንግዲህ በዴኩ እከፍታታለሁ፤ አዛን ሲል አቆማታለሁ፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እጀምራታለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሳፋ ስደረድር አንጎራጉራለሁ፣ አሁን እያወቅኩት። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ፤ እኔ ዘንድ ግን አልሞትክም፣ ስድቤም አይቀርልህም።

ቆራሌውም ያን ያህል ቆሞ ጠብቆ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ዴኩ ቦታው ላይ ነው፣ ዳንቴሉን መልሼ አልብሼዋለሁ። ትክክለኛዋን ሞተር ግን ሰጠሁት፣ እንካ ውሰዳት፣ ሁለተኛ እንዳታመጣት ብዬ።

ያንተዋ ሙኒራ